መስቀለኛው መንገድ የማን ነው?

መንገድ እንደ ወንዝና እንደ ተራራ ተፈጥሮ ያስቀመጠችው ነገር አይደለም። የሰው ውሳኔና የሰው ጉልበት ውጤት ነው። ወርዱን አንድ ባለሙያ በወረቀት ላይ አስምሮታል፤ ለአስፋልቱ የሚወጣውን ገንዘብ አንድ መሥሪያ ቤት ፈቅዷል፤ በመጋጠሚያው ላይ ማን ቆሞ ማን እንደሚያልፍ፣ ማን በሜዳው ማን በደረጃ እንደሚሻገር አስቀድሞ ተወስኗል። ይህ እውነት ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሰው በሞተ ቁጥር የምንናገረው ስለ መብረቅና ስለ ጎርፍ በምንናገርበት ቋንቋ ነው። «ቀን ጎድሎበት ነው» እንላለን። «ቀኑ ደርሶ ነው» ብለን እንጽናናለን። ለለቅሶ ቤት ማጽናኛነቱ ይሁን፤ ለሕዝብ ስብሰባ ግን አይበቃም። በአንድ ዓመት ውስጥ የሦስት ሰዎች ቀን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ ዓይነት ሁኔታ ከጎደለ፣ የጎደለው ቀኑ ነው ወይስ መንገዱ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ መሞታቸው በመንግሥት መዝገብ የተገለጸው ሰዎች ቁጥር ከ4 ሺህ 300 በላይ ነበር። ድርጅቱ በራሱ ስሌት የደረሰበት ግምት ደግሞ ከ27 ሺህ ያልፋል። ግምትን እንደ መዝገብ አንቁጠረው፤ አነስተኛውን ቁጥር ብቻ እንያዝ። እርሱም ቢሆን በቀን ወደ 12 ሰው ማለት ነው። በአዲስ አበባ በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በነበሩት ዓመታት በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰዎች በመንገድ ላይ ሕይወታቸውን ሲያጡ፣ ከእነዚህ አብዛኞቹ እግረኞች ነበሩ። መሠረታዊው ቅራኔ እዚህ ላይ ይታያል። በመኪና የሚሞተው በብዛት መኪና የሌለው ሰው ነው።

ጉዳዩ በየወረዳው አዳራሽ ለውይይት መቅረቡ አልቀረም። ሰፈሩ ይለያይ እንጂ የንግግሩ አካሄድ ብዙ አይለያይም። ከነዋሪው ወገን አንድ ጡረተኛ አባት ተነሥተው በመጋጠሚያው ላይ ያለፉትን በስም ይቆጥራሉ። ቀጥሎ የጉልት ነጋዴዋ፣ ከዚያም ሌሊት ከፈረቃ የሚመለሰው የፋብሪካ ሠራተኛ ይናገራሉ። ጥያቄያቸው አጭር ነው፤ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራልን፣ መብራት ይተከልልን፣ ጠዋትና ማታ ትራፊክ ፖሊስ ይቁምልን። ከመድረኩ ወገን መሐንዲሱ «ይህ ዋና መንገድ ነው፤ ጉብታ አይሠራበትም» ይላል። ሌላው ኃላፊ «የእግረኛ ድልድይ በዕቅድ ተይዟል፤ ችግሩ ኅብረተሰቡ በተሠራለት አለመጠቀሙ ነው» ሲል ያክልበታል። ሦስተኛው ስለ ግንዛቤ ማስጨበጫ ይናገራል። ከዚያ «ጥናት ላይ ነው» የሚለው ቃል ይመጣና አዳራሹ ይበተናል። በአስተዳደር ቋንቋችን ውስጥ ካሉት ቃላት ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው ይህኛው ሳይሆን አይቀርም።

በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለውን ልዩነት የክፋትና የደግነት ልዩነት አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው። መሐንዲሱም ልጆች አሉት። ልዩነቱ ያለው በመለኪያው ላይ ነው። መሐንዲሱ የተማረው ሙያ መንገድን በዋነኛነት የሚመዝነው በሰዓት በሚያሳልፈው የተሽከርካሪ ብዛት ነው። ነዋሪው የሚመዝነው ልጁ ከትምህርት ቤት በሰላም በመመለሱ ነው። ሁለቱም መለኪያዎች እውነት ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው በቁጥር ተጽፎ ሲቀርብ ሁለተኛው በእንባ ብቻ ይቀርባል። በስብሰባ ላይ ደግሞ ቁጥር እንባን ይረታል። ከዚህም ሌላ የመጀመሪያው መለኪያ በራሱ ጉድለት አለበት። ተሽከርካሪ ሲቆጠር 60 ሠራተኞች ያሳፈረ አውቶቡስና አንድ ሰው ብቻውን የተቀመጠበት የቤት መኪና ከመዝገቡ ላይ እኩል አንድ አንድ ሆነው ይሰፍራሉ። በመንገዱ ዳር ቆሞ የሚጠብቀው መቶ ሰው ግን ከነጭራሹ አይሰፍርም።

እንግዲህ «የተሽከርካሪ ፍሰት ይስተጓጎላል» የሚለውን መከራከሪያ በቁም ነገር እንመርምረው። ከወደብ ዕቃ የሚያመጣው ተሳቢ፣ በሽተኛ የያዘው አምቡላንስ፣ ሠራተኛ የሚያደርሰው አውቶቡስ በዚያው መንገድ ያልፋሉና መከራከሪያው ባዶ አይደለም። ነገር ግን ዋጋው ስንት ነው? በመጋጠሚያው ግራና ቀኝ በድምሩ 200 ሜትር ላይ ፍጥነት ከሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ወደ 30 ይውረድ እንበል። ያንን 200 ሜትር በ60 የሚሄድ መኪና በ12 ሰከንድ ይጨርሰዋል፤ በ30 የሚሄደው 24 ሰከንድ ይፈጅበታል። ፍጥነት ለመቀነስና እንደገና ለመጨመር የሚባክነው ጥቂት ጊዜ ታክሎበት፣ የጠፋው ከሩብ ደቂቃ ብዙ አይበልጥም።

በዚያ ሩብ ደቂቃ የተገዛው ምን እንደሆነ ደግሞ እንመልከት። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 8 ሜትር ከሩብ ገደማ ይሄዳል። ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ቢወስድበት፣ በደረቅ አስፋልትና በደኅና ፍሬን መኪናው ፈጽሞ የሚቆመው በ13 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በ50 የሚጓዘው ግን ለመቆም ወደ 28 ሜትር ይፈልጋል። አሁን አንድ ሕፃን ከቆመ ታክሲ ኋላ 15 ሜትር ፊት ለፊት ብቅ አለ እንበል። የመጀመሪያው መኪና ሕፃኑ ዘንድ ሳይደርስ ቆሟል። ሁለተኛው ነጂው ፍሬን በነካበት ቅጽበት 14 ሜትሩን ጨርሷልና ሕፃኑን የሚያገኘው በ48 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። ነጂዎቹ እኩል ጠንቃቆች፣ ሕፃናቱ እኩል ችኩሎች ናቸው። አንዱን ገድሎ ሌላውን ያተረፈው መንገዱ የፈቀደው ፍጥነት ነው። ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ለመቆም ከዚህም የረዘመ ርቀት እንደሚፈልግ ማንም ሾፌር ይመሰክራል።

እግረኛው በበኩሉ የራሱ ስሌት አለው። ሦስት ረድፍ መኪና የሚያስኬድ የመንገድ ግማሽ ወርዱ አሥር ሜትር ተኩል ያህል ነው። ቀስ ብለው የሚራመዱ አዛውንት ይህን ለማቋረጥ 13 ሰከንድ ያስፈልጋቸዋል። በ13 ሰከንድ ውስጥ በ60 የሚበር መኪና ከ200 ሜትር በላይ ይጓዛል። አዛውንቱ እግራቸውን ወደ አስፋልቱ ሲያወርዱ ገና ከኩርባው ያልወጣው፣ ሊያዩትም ሊሰሙትም የማይችሉት መኪና፣ ሳይሻገሩ ይደርስባቸዋል ማለት ነው። «ግራና ቀኝ አይተህ ተሻገር» የሚለው ምክር ለእርሳቸው ምን ይጠቅማቸዋል? ግራና ቀኝ አይተዋል።

ወደ ድልድዩ እንለፍ። በስብሰባዎቹ ሁሉ ከፍተኛ ክርክር የሚነሣው በዚህ ላይ ነውና ጥቂት እንቆይበት።

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በቻይና መንገድና ድልድይ ኮርፖሬሽን የተገነባው የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። መገናኛን፣ ቦሌን፣ ቃሊቲንና ጦር ኃይሎችን የሚያገናኘው ይህ መንገድ የከተማዋን መጨናነቅ እንዲያቃልል ታስቦ የተሠራ ነው። በመካከሉ አካፋይ አጥር ተደረገለት፤ ለእግረኛም የመሸጋገሪያ ድልድዮች ተሠሩለት። ይሁን እንጂ መንገዱ የተዘረጋው በባዶ መስክ ላይ አልነበረም። በአንዱ ወገን ቤት፣ በሌላው ወገን ገበያ ቀረ። በአንዱ ወገን ዕድርተኛ፣ በሌላው ወገን የዕድሩ ዕቃ ቤት ቀረ። ትናንት ሃምሳ እርምጃ የነበረው ጉዞ ወደ ድልድዩ ሄዶ፣ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ እንደገና ወደ ኋላ መመለስ ሆነ። ስለዚህ ሰው አጥሩን ይዘል ጀመር። አጥሩን የሚዘለው ወጣት ብቻ አልነበረም፤ ዘንቢል ያንጠለጠለች እናትም ነጠላዋን ሰብስባ ዘላለች።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ትርጉም «የዲሲፕሊን ጉድለት» የሚል ነው። እስቲ ድልድዩን ራሱን እንለካው። ትልቅ የጭነት መኪና ከሥሩ እንዲያልፍ ከ5 ሜትር በላይ ከፍ ማለት አለበት። ይህም ከ30 በላይ ደረጃ ወጥቶ የዚያኑ ያህል መውረድ ማለት ነው። ከኋላው ጀሪካን ለያዘ፣ በጀርባዋ ልጅ ላዘለች፣ በሸክም ለሚተዳደር፣ በክራንች ለሚሄድ ሰው ይህ ድልድይ ግድግዳ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሰውማ ጨርሶ አልተሠራም። በየስብሰባው አንዲት እናት አይታጡም፤ «ልጄ፣ ድልድዩስ ጥሩ ነው፤ ጉልበቴን ማን ያሠራልኛል?» ብለው መሐንዲሱን የሚጠይቁ። «እማማ፣ ለርስዎ ደኅንነት ነው እኮ» ይላል መሐንዲሱ፣ ከልቡ። እውነትም ከልቡ ነው። ነገር ግን የነገሩን አሠራር አስተውሉ። ለመፍጠን ሞተር ያለው፣ ለመቆም ፔዳል መርገጥ ብቻ የሚበቃው ወገን ሜዳውን ይዞ ይነዳል። በገዛ ጉልበቱ የሚሄደው ዳገት ይወጣል። ከዚያም ዳገቱን አልወጣም ያለው ጥፋተኛ ይባላል።

ከዚህ በመነሣት ድልድይ ሁሉ ከንቱ ነው ወደሚል ድምዳሜ መድረስ አይገባም። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ እግረኛ በአስፋልቱ ላይ ሊሻገር አይችልም፤ መሻገርም የለበትም። ያ መንገድ ታጥሯል፣ በክፍያ ይገባበታል፣ ግራና ቀኙ ሱቅና ትምህርት ቤት አልተደረደረበትም፤ ለመኪና ብቻ መሆኑን በግልጽ ያስታውቃል። በእንዲህ ያለው ቦታ ድልድይ ወይም የከርሰ ምድር መተላለፊያ ትክክለኛ መልስ ነው። በሰፈር ውስጥ ያለ ጎዳናም እንዲሁ ግልጽ ነው፤ መኪናው እንግዳ ነውና ቀስ ይላል። ገዳዩ መንገድ ሁለቱንም ልሁን የሚለው ነው። በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ መሐል ከተማ የሚያልፈውን ነባሩን አውራ ጎዳና ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መንገዱ ለረጅም ጉዞ የተዘረጋ ነው፤ ከተማዎቹ ደግሞ መንገዱን ተደግፈው አድገዋል። ሾፌሩ አውራ ጎዳና ላይ እንዳለ ያስባል፤ ነዋሪው ደጃፉ ላይ እንዳለ ያስባል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ በመጋጠሚያው ላይ ግን ይገናኛሉ። ስለዚህ ነዋሪዎች ለመሥሪያ ቤቱ ሊያቀርቡት የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ጉብታ ትሠሩልናላችሁ ወይ?» የሚለው አይደለም። «ይህ መንገድ በዚህ ቦታ ላይ አውራ ጎዳና ነው ወይስ የከተማ ጎዳና?» የሚል ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ መልስ ይከተላል።

ሦስተኛው መልስ ግንዛቤ ነው። «ሕዝቡ ልማዱን አይተውም» ይባላል። ይህን ለሚሉ ወገኖች ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። በኢትዮጵያ ተሽከርካሪ በግራ መሄዱ ቀርቶ በቀኝ እንዲሄድ የተደረገው በዚያን ዕለት ነው። ዕድሜ ልኩን ግራውን የያዘ ሾፌር ሁሉ ቀኙን ያዘ። የሰው ልማድ እንደሚለወጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማቅረብ ያስቸግራል። ነገር ግን የተለወጠው በስብከት ብቻ አልነበረም። ሕጉ ተለውጧል፣ ቀኑ ተወስኗል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲፈጽመው ተደርጓል። ትምህርት የሚሠራው የመንገዱ አሠራር ትምህርቱን ሲያግዘው ነው። «ቀስ ብለህ ንዳ» የሚል ሰሌዳ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ በሰፋ ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ሲተከል፣ ሰሌዳው አንድ ነገር ይናገራል፣ አስፋልቱ ሌላ ይናገራል። ሾፌሩም አስፋልቱን ይሰማል።

ይህን ሐሳብ ወደ ሕግ ደረጃ ያደረሰችው ስዊድን ናት። የአገሪቱ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1997 ባጸደቀው መመሪያ መነሻ የተደረገው፣ ሰው ምንጊዜም ሊሳሳት የሚችል ፍጡር መሆኑ ነው። ነጂ ይዘናጋል፣ ሕፃን ይሮጣል፣ ሰካራም ይንገዳገዳል። ስለሆነም መንገዱ ስሕተቱ በሞት እንዳይቀጣ ሆኖ መሠራት አለበት፤ ኃላፊነቱም ከተጠቃሚው ላይ ብቻ ሳይሆን ከመንገዱ ነዳፊና ከአስተዳዳሪው ላይም ይወድቃል። በእኛ ዘንድ ግን ክሱ ቶሎ የሚያርፈው በሰውዬው ወይም በማሽኑ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ ኢሱዙውን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራኩን «ቀይ ሽብር» ብሎ መሰየሙ ይታወሳል። ስሞቹ የሕዝቡን ምሬት በሚገባ ይገልጻሉ፤ ለቀልደኛነታችንም ምስክር ናቸው። ይሁንና ለመስቀለኛ መንገድ እስካሁን እንዲህ ያለ ስም አልወጣለትም።

የሕዝብ ግፊት ውጤት የሚያመጣ አይመስላቸው ለሚሉ የሆላንድን ታሪክ በአጭሩ እናቅርብ። ዛሬ የብስክሌት አገር የምትባለው ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ 3 ሺህ 300 ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተውባታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። በማግስቱ ዓመት ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ ጋዜጠኛ «የሕፃናቱ ግድያ ይቁም» በሚል ርእስ ጻፈ፤ ርእሱም የንቅናቄ ስም ሆነ። በአምስተርዳም በሠራተኞች ሰፈር ልጆችና ወላጆች መንገድ ዘግተው መጫወቻ አደረጉት። ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ ሲጋጩ ቆይተው በኋላ ይደግፏቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1976 መኪና በእግረኛ እርምጃ ብቻ እንዲያልፍባቸው የሚፈቅዱ የመኖሪያ ጎዳናዎች በሕግ ታወቁ። ለዚህ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1973 የደረሰው የነዳጅ እጥረትም እንዳገዘ መካድ አይቻልም። (ያው የነዳጅ ዋጋ ንረት በእኛ አገር የካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ታክሲ ነጂዎች ለአድማ አስነሥቷል፤ አንድ ነፋስ በሁለት አገር ሁለት ዛፍ ይነቀንቃል።) በቅርብ ዓመታት የሆላንድ የመንገድ ሟቾች ቁጥር በዓመት ወደ 700 ገደማ ወርዷል፤ የመኪናዋ ብዛት ግን ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ምሳሌ አናጣም። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለገሐር መጋጠሚያ ላይ የከተማው አስተዳደር ከዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ አንድ ሙከራ አደረገ። ድልድይ አልተከለም። ተሽከርካሪ በሚገባ የማይጠቀምበትን ሰፊ የአስፋልት ክፍል በቀለም፣ በድንጋይና በአበባ ማስቀመጫ ለይቶ ለእግረኛ ሰጠ። ማዕዘኖቹ ወደ መንገዱ ገፋ ሲሉ እግረኛው የሚያቋርጠው ርቀት አጠረ፤ ተጠማዛዡ መኪናም ሰፊ ኩርባ ስላላገኘ ቀስ ለማለት ተገደደ። ከዚያም በመርካቶ በሰባተኛ መጋጠሚያ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። የዚህ ሙከራ ትልቁ ትምህርት «ጥናት ላይ ነው» ለሚለው ቃል መልስ መስጠቱ ነው። ቀለም በጥቂት ቀናት ይቀባል፤ ሰው እንዴት እንደሚሄድበት በዓይን ይታያል፤ ካልሠራ ይጠረጋል፣ ከሠራ በኮንክሪት ይጸናል። ጥናቱ ራሱ መንገዱ ላይ ይካሄዳል። ኅዳር 2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» ዕለትም ሕዝቡ መኪና የሌለበትን አስፋልት በእግሩ ለክቶ አይቶታል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የተሠሩት የእግረኛ መንገዶችም ስፋት ሲፈለግ እንደሚገኝ ያሳያሉ፤ ለዚህ ሲባል ከቤታቸው ስለተነሡት ሰዎች የሚቀርበው ጥያቄ ራሱን የቻለ ከባድ ጉዳይ ሆኖ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሂሱ ወደ መድረኩ ብቻ ከተወረወረ ጎዶሎ ይሆናል። ከነዋሪው ወገን ያለውንም እንናገር። በስብሰባው ላይ «ጉብታ ይሠራልን» ብሎ ያጨበጨበው ሰው በማግስቱ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ «ኧረ ንዳው ወንድሜ፣ ረፈደብኝ!» ይላል። ሱቁን እስከ እግረኛው መንገድ ጠርዝ ድረስ የዘረጋው ነጋዴ እግረኛውን ወደ አስፋልቱ እየገፋ መሆኑን ሊነግሩት ሲሞክሩ ይቆጣል። ታክሲ በመጋጠሚያው አፍ ላይ ቆሞ እንዲጭን የሚያደርገውም እኛው ነን፤ ሃምሳ ሜትር ወደፊት ሄደን ለመሳፈር አንፈልግም። ያ የቆመ ታክሲ ደግሞ ከላይ የጠቀስነው ሕፃን ከኋላው ብቅ የሚልበት ታክሲ ነው። የሰዎቹን ጥያቄ ይህ ውድቅ አያደርገውም፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ የመንገዱን ቅርጽ ሲለውጥ ማኅበሩም የተራውንና የጉልቱን ቦታ ለማዛወር ዝግጁ መሆን አለበት።

ስለ መብራትና ስለ አደባባይ ጥቂት እንበል። መብራት ኃይል በሚቋረጥበት ሰዓት መጋጠሚያውን ከበፊቱ የባሰ ያደርገዋል፤ አረንጓዴ በርቶለት የሚበር መኪናም ፍጥነቱን አይቀንስም። አደባባይ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። አራት መንገዶች በሚገናኙበት ተራ መጋጠሚያ ላይ የተሽከርካሪዎች መስመር የሚጋጭባቸው 32 ነጥቦች ሲኖሩ፣ ባለ አንድ ረድፍ አደባባይ ላይ 8 ብቻ ናቸው። በአሜሪካ ወደ አደባባይነት በተለወጡ 24 መጋጠሚያዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ጥናት፣ ጉዳት ያደረሱ ግጭቶች በ76 በመቶ ቀንሰው ተገኝተዋል። ነገር ግን ይህ ትንሹንና ቀስ የሚያሰኘውን አደባባይ ይመለከታል። ሦስትና አራት ረድፍ መኪና የሚሽከረከርበት፣ ዜብራ የሌለው ሰፊ አደባባይ ለእግረኛ ሌላ ወጥመድ ነውና፣ ነዋሪዎች «አደባባይ ይሠራልን» ሲሉ የትኛውን እንደሚፈልጉ ለይተው ይናገሩ።

የገንዘብ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ የታሰበው ለመንገድ ጥገናና ለመንገድ ደኅንነት ሥራ ነው፤ ዋና ምንጩም ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበው ክፍያ ነው። ነዳጅ የማይገዛው ሠራተኛም በታክሲና በአውቶቡስ ሂሳቡ፣ በእህሉና በአትክልቱ ማጓጓዣ ዋጋ ውስጥ ይህን ክፍያ ይከፍላል። ስለዚህ ነዋሪው ደኅንነት ሲጠይቅ ልመና አያቀርብም። በሌላ በኩል በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የወሰነው የመድን ሽፋን ጣሪያ 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ጉዳት የወሰነው ደግሞ 100 ሺህ ብር ነበር። ሕጉን ያወጡት ሰዎች የራሳቸው ምክንያት እንደነበራቸው አንጠራጠርም፤ ቁጥሮቹን ግን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት አይከለከልም። አባወራው የሞተበት ቤተሰብ በዚያ ገንዘብ ስንት ዓመት እንደሚኖር፣ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሥራ የሚገባው የትኛው ልጅ እንደሚሆን የሰፈሩ ዕድር ከማንም በላይ ያውቃል።

ይህ የዕድሩ ዕውቀት ነው ወደ ስብሰባው በቁጥር ተጽፎ መግባት ያለበት። የፖሊስ መዝገብ የሚያውቀው የተገጨውን ነው። ለጥቂት የተረፈውን፣ በፍሬን ጩኸት የሚነቃውን ሰፈር፣ በየሳምንቱ የሚሰበረውን የመኪና መስታወት የሚያውቀው በመጋጠሚያው ላይ የሚውለው ሰው ነው፤ ሊስትሮው፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ የተራ አስከባሪው፣ የጥበቃ ሠራተኛው። ከማኅበሩ አባላት ስድስት ሰዎች ተመርጠው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ለአንድ ሳምንት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት፣ ከማታውም 11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት በመጋጠሚያው ማዕዘኖች ቢቆሙ፣ አንድ ደብተርና አንድ የእጅ ሰዓት ይበቃቸዋል። ስንት ሰው ተሻገረ፤ ከእነርሱ ውስጥ ስንቱ ተማሪ፣ ስንቱ አዛውንት፣ ስንቱ ሸክም የያዘ ነው፤ አንድ ሰው ለመሻገር ስንት ሰከንድ ቆሞ ጠበቀ፤ በየትኛው በኩል ተሻገረ፣ ዜብራው ካለበት ወይስ እግሩ ከመራው፤ ስንት ጊዜ ፍሬን ጮኸ። ሰዎች በእርግጥ የሚሻገሩበትን መስመር በኖራ በወረቀት ካርታ ላይ እንደሚሰመረው አድርጎ መሬት ላይ ማሳየትም ይቻላል፤ ዜብራው ብዙ ጊዜ ከዚያ መስመር ርቆ ተቀብቶ ይገኛል።

ከዚህ ደብተር ጋር የሚቀርበው ጥያቄም ቀን የተቆረጠለት ይሁን። ማዕዘኖቹን በቀለምና በድንጋይ ለማጥበብ የሚደረገው ሙከራ በየትኛው ወር ይጀመራል፤ ለስንት ሳምንት ይቆያል፤ በመጨረሻው ቆጠራውን ከመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ጋር አብሮ የሚያካሂደው የማኅበሩ ተወካይ ማን ነው? መሐንዲሱ በሚቀጥለው ስብሰባ የተሽከርካሪውን ቁጥር ይዞ ሲመጣ የእግረኛው ቁጥር በዚያው ሠንጠረዥ ላይ፣ በሚቀጥለው ዓምድ ይጻፍ።